የአንጀት ፖሊፕ፦ ወደ ካንሰር የሚያመራው የትኛው ነው?

[ምስል፦ ሁለት ፖሊፖች ጎን ለጎን]

ተራኪ፦ ፖሊፕ በአንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል እብጠት ነው። ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ተደርጎለት «ፖሊፕ አለ፣ ካንሰር ግን አይደለም» የተባለ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር ይቀራል፦ ዓይነቱ ምንድን ነው?

ሃይፐርፕላስቲክ ፖሊፕ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የሚበዛውም በትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍሎች፣ በሲግሞይድና በሬክተም ነው። እዚያ ያለ ትንሽ ሃይፐርፕላስቲክ ፖሊፕ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። አዴኖማ የሚባለው ሌላው ዓይነትም ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ሴሎቹ ዲስፕላሲያ የሚባለውን፣ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ጀምረዋል። አብዛኞቹ አዴኖማዎች ካንሰር ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ የሚለወጡትም በአመዛኙ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ቀድሞ ማውጣት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ በሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን የታየ ፖሊፕ]

ሐኪሙ የካሜራውን ብርሃን 415 እና 540 ናኖሜትር ላይ ሲያጠበው የደም ሥሮች ጎልተው ይወጣሉ። ሃይፐርፕላስቲኩ ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል ወይም ይነጣል፤ የደም ሥሩም ጎልቶ አይታይም። አዴኖማ ቡናማ ይሆናል፤ ነጫጭ ሞላላ ወይም ቅርንጫፍ ያላቸው ቅርጾችን ቡናማ የደም ሥሮች ይከቧቸዋል። ቀለሙ በጣም ጠቁሮ፣ የደም ሥሮቹ ተቆራርጠው፣ የላይኛው ንድፍ ከጠፋ ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ካንሰር ይጠረጠራል፤ እንዲህ ያለውን እዚያው ቆርጦ ለማውጣት መቸኮል አይገባም።

[ምስል፦ በዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ጠፍጣፋ ፖሊፕ]

ከሁሉም የሚያሳስተው ሴሲል ሴሬትድ የሚባለው ነው። ሲታይ ሃይፐርፕላስቲክ ይመስላል፤ ግን ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በቀኝ በኩል ባለው አንጀት ይበዛል፤ ጠፍጣፋና የደበዘዘ ስለሆነ የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ በውኃ ካልታጠበ ይታለፋል። መለያው በሽፋኑ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር ነው፦ ሥራቸው ይሰፋል፣ ወደ ጎንም ይታጠፋል። ከላይ ብቻ የተቆነጠረ ናሙና እዚያ ስለማይደርስ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) «ሃይፐርፕላስቲክ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ፖሊፑ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ከ10 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በቀለበት ሽቦ፣ ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጤነኛ ሽፋን ጨምሮ ይቆረጣል። ከተለያየ ቦታ የወጡ ፖሊፖች በአንድ ዕቃ አይደባለቁ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ ይጠፋል።

[ምስል፦ የፓቶሎጂ ውጤት ወረቀት]

ቀጣዩን ቀጠሮ የሚወስነው ውጤቱ ነው። በ2020 በወጣው የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆኑ 1 ወይም 2 ቱቡላር (ቱቦ መሰል) አዴኖማዎች የተገኙበት ሰው ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ይመለሳል። መጠኑ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቪለስ (ጣት መሰል) ቅርጽ ወይም ከፍተኛ ዲስፕላሲያ ካለው ግን በ3 ዓመት። ይህ ሁሉ የሚሠራው አንጀቱ በደንብ ጸድቶ ካሜራው የትልቁ አንጀት መጀመሪያ የሆነው ሴከም ከደረሰ ነው፤ ካልሆነ ምርመራው ቀድሞ ይደገማል።