ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት የጀመርኩትን የቤት ፍለጋ ወሬ ዛሬ እንድጨርስላችሁ የምትጠብቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆይልኝ እላለሁ። ከሐሙስ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ጥያቄው እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የዓይን ሐኪሜ ዘንድ ተቀምጬ የተጠየቅሁት፣ ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ቃል የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ዕለታዊውን ሌንስ ልጻፍልሽ ወይስ ወርሃዊውን?

ዝም አልኩ። ኮንታክት ሌንስ በመነጽር ፈንታ ዓይን ላይ የሚደረግ ነው፤ ዕለታዊው አንድ ቀን ተደርጎ ማታ ይጣላል፣ ወርሃዊው ደግሞ ማታ ማታ እየታጠበ አንድ ወር ያገለግላል። እዚህ አገር የኮንታክት ሌንስ ማዘዣ ሲጻፍ የሌንሱ ዓይነትና ስም አብሮ ስለሚጻፍ፣ ሐኪሟ መልሴን ሳይሰሙ ወረቀቱን ሊሰጡኝ አይችሉም። ዝምታዬ ሲረዝምባቸው ከሁለቱም ዓይነት የሙከራ ጥንድ ሰጥተውኝ አንድ ሳምንት እንዳስብበት ነገሩኝ። የሁለቱም ማሸጊያዎች አሁን ከፊቴ ናቸው፤ ያ የምታውቁት ጠረጴዛ ላይ፣ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ሌንስ ሳደርግ ስለ ቆሰለው ግራ ዓይኔ ከዚህ በፊት የነገርኳችሁን አልደግመውም። ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን ሳልናገር ስለ ሁለቱ ጥንዶች ብናገር እውነቱን እንደሸሸሁ ይቆጠርብኛል።

የገና ዋዜማ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ እናቴ ቤት። ውኃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር ሮቶው ደርቆ፣ ቤት ውስጥ የቀረው በጄሪካን የተቀዳው ብቻ ነበር። ወጥ ቤቱ እንደምታውቁት ነው፤ ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲቁላላ ውሎ፣ ከሰሉም ሲጨስ ውሎ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁረኝ ጀመር። ሌንሶቹን ማውለቅ ነበረብኝ። ይዤው የሄድኩት የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ትንሹ ጠርሙስ ነበርና የመጨረሻዋ ጠብታ ካለቀች አንድ ቀን ሆኗታል፤ እኅቴ ሦስት መድኃኒት ቤትና ሁለት መነጽር ቤት ዞራ ባዶ እጇን ተመልሳ ነበር። እኔም የግራውን ሌንስ አውልቄ በጣቴ ጫፍ እንደያዝኩ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆሜ ቀረሁ።

እናቴ በዚያ ሰዓት መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ አንድ ብርጭቆ በትንሽ የስኒ ሳህን ከድና ይዛ መጣች። ሳህኑን ስታነሣው ከሥሩ የእንፋሎት ጠብታዎች ነበሩበት። «ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው፤ ሕፃን ይጠጣዋል» አለችኝ።

ያችን ቅጽበት ደጋግሜ አያታለሁ። ከብርጭቆው በላይ የእናቴን ፊት አያለሁ፤ ከዶሮው መካከል ጥላ፣ ማንም ሳያዛት፣ የልጇ ዓይን ደርቆ እንዳያድር አስባ ውኃ አፍልታ አቀዝቅዛ ያመጣች ሴት ፊት ነው። ሕፃን ሳለሁ ወተቴን የበረዘችበትን ውኃ የምታዘጋጀው በዚሁ መልክ እንደነበር ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ሌንስ ከውኃ ጋር እንደማይገናኝ አውቅ ነበር። ከቧንቧ ይምጣ፣ ከጠርሙስ ይምጣ፣ ይፍላ አይፍላ፣ ውኃ ሌንስን አያጸዳም፤ ተህዋስያንን የሚገድል ነገር የለውምና። ይህን ዐሥራ አንድ ዓመት ሌንስ ያደረገች ሴት አታውቅም ልል አልችልም። መነጽሬም ሻንጣዬ ውስጥ፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ ምናልባት ዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

ታዲያ ሌንሶቹን ለምን አልጣልኳቸውም? ከሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ሌንሶቹ ወርሃዊ ነበሩ፤ ከከፈትኳቸው ዘጠኝ ቀናቸው ነበር። ገና ሃያ አንድ ቀን የቀራቸውን ሌንሶች መጣል አልሆነልኝም። ዕለታዊ ቢሆኑ ኖሮ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዋጋ አልነበራቸውም፤ አውልቄ ጥዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ወደ ሽንኩርቱ እመለስ ነበር። የእናቴም ብርጭቆ ለመጠጥ ይሆን ነበር። እኔ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማዬ» ብዬ የሌንስ ማስቀመጫዬን ሁለቱንም ጎድጓዳ በእሷ ውኃ ሞላሁት። በማግሥቱ ጠዋት ሌንሶቹን ከዚያው አውጥቼ አደረግኋቸው።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የሆነውን ታውቃላችሁ፤ መቅላቱን፣ ብርሃን ማየት አለመቻሌን፣ ኮርኒያዬ ላይ የታየችውን ነጭ ነጥብ፣ ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ደወል እየቀሰቀሰኝ ያደረግሁትን ጠብታ። ኮርኒያ ማለት አገራችን የዓይን ብሌን ልገሳ ሲባል የሚለገሰው ያ ጥርት ያለ የዓይን ፊት ነው። የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው፤ ሌንስ ሲደረግበት ያ መተንፈሻው ይጠብባል፣ ሌንስ ተደርጎበት ሲተኛ ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል። ያን ጊዜ ሐኪሟ የቁስሉን ናሙና ፍቀው ከወሰዱ በኋላ ወረቀታቸው ላይ እያዩ የጠየቁኝን ግን አልነገርኳችሁም። ሌንሱ ውኃ ነክቶት ያውቃል ወይ? በመታጠቢያ ቤት፣ በዋና፣ በቧንቧ?

አልነካውም አልኩ።

ጥያቄው ለወግ ያህል የተጠየቀ አልነበረም። በቧንቧ ውኃ፣ በአፈርና በአቧራ ውስጥ የሚኖር አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ነፍስ አለ። ሲከፋበት በጠንካራ ቅርፊት ራሱን ሸፍኖ ይቆያል፤ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱም ሰው ኮርኒያውን እስከ ማስቀየር ይደርሳል። ሲጀምር ከሌሎች ቁስሎች ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪም እንዲጠረጥረው ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ በሽተኛው ስለ ውኃ የሚናገረው ቃል ነው። እኔ ያንን ቃል ነፈግኋቸው። የላቦራቶሪው ውጤት ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ፣ ጠብታውም ሠራ፣ ነጥቧም ጠባሳ ሆና ቀረች። ስለዚህ ውሸቴ ምንም አላጠፋም ማለት ይቻል ይሆናል። እኔ ግን እንዲያ ብዬ ማረፍ አቃተኝ። ሌላው ቢሆንስ ኖሮ?

የዋሸሁት ለእናቴ ብዬ ነው ብዬ አስብ ነበር። «እናቴ የሰጠችኝ ውኃ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ፣ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ መናገር እሷን መክሰስ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን የከሰስኳት በዝምታዬ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም ያ ውኃ በደንብ ፈልቶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ዓይኔን ከነኩት ነገሮች ሁሉ ንጹሑ እሱ ሊሆን ይችላል። በየሦስት ወሩ መቀየር ያለበትን የሌንስ ማስቀመጫ ከዓመት በላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። በአውሮፕላን፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ባለው በዚያ ረጅም መንገድ፣ ሌንሶቹን ሳላወልቅ የተኛሁትም እኔ ነኝ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ደግሞ ሌንስ አድርጎ መተኛት ለዓይን ኢንፌክሽን የመጋለጥን ዕድል ከ6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚያሳድግ ይናገራል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሐኪሟ ሲጠይቁኝ ቀድሞ በዓይኔ የመጣው የእናቴ ብርጭቆ ነበር። ለምን እሱ?

ይህን ሐሳብ እዚህ ልተወው፤ መጨረሻውን አላውቀውም።

በነገራችን ላይ ለስላሳው ኮንታክት ሌንስ ራሱ የቤት ውስጥ ሥራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ኦቶ ቪችተርሌ የሚባል የቼክ ኬሚስት ነው የሠራው። በ1961 እ.ኤ.አ. በእነሱ የገና ሰሞን፣ ፕራግ ውስጥ በገዛ ቤቱ፣ የልጆች መጫወቻ ብረቶችን ገጣጥሞ፣ በብስክሌት ዲናሞ እያሽከረከረ የመጀመሪያዎቹን ሌንሶች ሠራ፤ ባለቤቱም በሥራው ትረዳው ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የዚያ ቤት ጠረጴዛና የእናቴ ወጥ ቤት በአሳቤ ውስጥ ይደባለቁብኛል። ሁለቱም የገና ሰሞን ነው፣ በሁለቱም ቤት ውስጥ ያለውን ይዞ የሚጨነቅ ሰው አለ። ሌንሱ አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው በ1971 ሲሆን፣ ያን ጊዜ አንድ ጥንድ ሌንስ እየታጠበ ለረጅም ጊዜ የሚያዝ ንብረት ነበር። ተጠቅሞ መጣል የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ በየቀኑ የሚጣለው ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ መጣ። እንግዲህ የሌንስ ታሪክ ሁሉ ቶሎ ወደ መጣል የሚሄድ ታሪክ ነው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ምንም ከማይጣልበት ቤት የወጣሁ ልጅ ነኝ።

ዕለታዊውን ሳስብ የሚከብደኝ አንዱም ይህ ነው። በየቀኑ ላደረገ ሰው ወርሃዊው በዓመት 24 ሌንስ ነው፤ ዕለታዊው 730 ነው። እያንዳንዱ የየራሱ የፕላስቲክ ኩባያና ክዳን አለው። በ2018 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ ሌንስ ከሚያደርጉ ሰዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ያወለቁትን በእጅ መታጠቢያ ወይም በመጸዳጃ ቤት ይደፉታል፤ እሱም ተሰባብሮ ወደ ውኃ ይሄዳል። የሙከራውን ዕለታዊ ጥንድ ዓርብ ዕለት አድርጌ ማታ ሳወልቀው ቅርጫቱ ፊት ለፊት ቆምኩ። አንድ ቀን ብቻ የሠራ፣ ምንም ያልጎደለው ነገር ነው። እናቴ ብታየው ምን ትል ነበር? ጣልኩት፤ እጄ ግን ደስ አላለውም።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ለእኔ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። የማታ ፈረቃ ከጀመርኩ ወዲህ ሌንስ የማደርገው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ወርሃዊው ደግሞ ሠላሳው ቀን የሚቆጠርለት ካደረግኩበት ሳይሆን ከከፈትኩበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ባደርገውም በሠላሳኛው ቀን ይጣላል። በሌሎቹ ቀናት በፈሳሽ ውስጥ ተቀምጦ ያድራል፤ ፈሳሹ መቀየር አለበት፣ ሌንሱ ተሽቶ መታጠብ አለበት፣ ማስቀመጫው መድረቅ አለበት። አደጋው ያለው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነው፤ የማስቀመጫ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያ እንደ ሙጫ ተለጥፎ ይራባልና። ዕለታዊው ይህን ሰንሰለት ከነጭራሹ ያስቀረዋል። እጅ መታጠብን ግን አያስቀርም፣ ሰው ሳያወልቀው ከመተኛት አያግደውም፣ ትናንት የወለቀውንም ነገ ከማድረግ አያግደውም። እኔ ራሴን ስለማውቅ፣ ውድ ነገር ነው ብዬ ዕለታዊውን ሁለት ቀን አደርገው ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ወርሃዊ ማለት ሌሊትም ቀንም የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ እናንተ ከነሱ አትሁኑ። በእንቅልፍ ጊዜ እንዲደረጉ የተፈቀዱት ተለይተው የታወቁ ጥቂት ሌንሶች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከአደጋ ነጻ አይደሉም።

የዋጋው ነገር አለ፤ እዚያ ላይ አልቆይም። ልዩነቱ በየወሩ ለእማዬ ከምልከው ላይ የሚነካ እንዳይሆን ፈልጌ ደብተር ላይ ሠራሁት፤ የማጠቢያው ፈሳሽ ሲቀነስ የሚከብድ አልሆነም። ስለዚህ ገንዘቡም ምክንያት ሊሆንልኝ አልቻለም።

ልነግራችሁ ያሰብኩት በዚህ ነበር የሚያበቃው፤ ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ዓይኔ በታመመ ሰሞን እኅቴ ለእናቴ ነግራት ኖሮ፣ እማዬ ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል ላከችልኝ። የውኃውን ነገር፣ ማለቴ የብርጭቆውን ነገር፣ እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ልጄን ዓይኗን አመማት ነው ያለችው። ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በጨርቁ ላይ ክር አስራበት ነበር። አማትቤ ጠጣሁት። ዓይኔን ግን አላስነካሁትም፤ ቁስሉ ገና ክፍት ነበርና ሐኪሟ ምንም ውኃ እንዳይነካው አጥብቀው ነግረውኛል። እማዬ ደውላ «አስነካሽው?» ስትለኝ «አዎ እማዬ» አልኳት። እልል ብላ አለቀሰች።

ለሐኪሟ የነካውን አልነካውም አልኩ፤ ለእናቴ ያልነካውን ነካው አልኩ። በሁለቱም መካከል ያለው ያው አንድ ዓይን ነው፤ አሁን እንኳን መብራት ላይ ስመለከት በግራ በኩል ቀጭን ጭጋግ ይታየኛል።

መጪው ሐሙስ ቀጠሮዬ ነው። ዕለታዊውን እላለሁ መሰለኝ። አዎ፣ ዕለታዊውን ሳልል አልቀርም። የሚከብደኝ ግን ሐኪሟ ለምን እሱን መረጥሽ ቢሉኝ ነው፤ እውነተኛው መልስ ከብርጭቆው ይጀምራልና፣ ከተናገርኩት ደግሞ መዝገቡ ላይ «ውኃ አልነካውም» የሚለው ቃሌ ይሰረዛል። ከዚያ በፊት እሑድ አለ። እሑድ እማዬ ትደውላለች። ጠርሙሱ ውስጥ አሁንም ከግማሽ በታች የሆነ ጠበል ቀርቷል፤ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፣ ሌንስ ባላደረግሁበት ቀን እንኳ ሐኪሟን ጠይቄ... አይ፣ እሱን ደግሞ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ...