የመክፈቻ ንግግር፦ የራልፍ ሄይ 100 ዶላርና የእኛ መዋጮ

የተከበራችሁ አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ላሰናዳችሁ፣ ቡናውን ላፈላችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዘንድሮ የውይይት መድረካችን አልተቋረጠም። ልጆቻችን ካንተን ሄደው የአሜሪካ ፉትቦል ዝነኞችን ሙዚየም ጎብኝተዋል። ስለ ካንተን ቡልዶግስ ቡድን የቀድሞ ባለቤት ስለ ራልፍ ሄይ በአማርኛ ያዘጋጀነው መጽሔትም አልቋል፤ ኮርቼበታለሁ። ማተሚያ ቤት ግን አልገባም፤ ገንዘብ የለንም።

ዓመቱን ሙሉ ወዳነታረከን ጉዳይ ልግባ። መዋጮ ሲጠየቁ «የአሜሪካ ፉትቦል ሊጉ ኤንኤፍኤልም ያለ መዋጮ ነው የተመሠረተው» የሚሉ አባላት አሉ። እውነት ነው፤ የታሪኩ ግማሽ ግን ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1920፣ በእኛ መስከረም 7 ቀን 1913 ዓ.ም.፣ ሄይ ሊጉን ለመመሥረት ከአራት ግዛቶች የመጡ የአሥር ቡድኖች ተወካዮችን ሀፕሞቢል መኪና በሚሸጥበት ሱቁ ሰበሰበ። ወንበር ስላልበቃ መኪኖቹ መረገጫና ፓራፋንጎ ላይ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው የአክረን ቡድን ስም በታተመበት ወረቀት ተጻፈ። ስሙ ሕዝብ ስለሚስብ ዝነኛውን ተጫዋች ጂም ቶርፕን የሊጉ ፕሬዚዳንት አደረጉት። መዋጮው 100 ዶላር ይሁን ተባለ፤ በስብሰባው የነበረው ጆርጅ ሃላስ በኋላ እንደተናገረው ግን የከፈለ አልነበረም።

ከዚያስ? ያሰባሰቧቸው ችግሮች ሦስት ነበሩ፦ የተጫዋች ደመወዝ መናር፣ ተጫዋች ብር ወደጨመረለት ቡድን በየሳምንቱ መዝለሉ፣ የኮሌጅ ተማሪን በሐሰት ስም ማሰለፍ። ሦስቱም በ1920 አልቆሙም፤ ውሳኔ እንጂ አስፈጻሚ አልነበረማ። ነገሩ መስመር መያዝ የጀመረው በ1921 ጆ ካር የሊጉ ፕሬዚዳንት ሆኖ ጽሕፈት ቤቱን እዚሁ ከተማችን ኮሎምበስ ሲያደርግ ነው። ካር መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፣ የየቡድኑን ክልል ለየ። የግሪን ቤይ ቡድን የኮሌጅ ተማሪ በማሰለፉ በ1922 መጀመሪያ ከሊጉ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ደንብ አከብራለሁ ብሎ ከፍሎ ተመለሰ።

ሄይንም እዩት። በ1922 ቡድኑ አሥር ጨዋታ አሸንፎ፣ ሁለት አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ዓመት እንደጨረሰ ግን ቡድኑን ለካንተን ነጋዴዎች ሸጠ። የዚያን ጊዜ ቡድን ገቢው የበር ቲኬት ነው። እሑድ ዝናብ ከጣለ ተመልካች ይቀራል፤ የተጫዋቹ ደመወዝ፣ የእንግዳው ቡድን ድርሻ፣ የባቡር ትኬት ግን አይቀርም። ጉድለቱን የሚሸፍነው የባለቤቱ ኪስ ነው። በ1920 ከጀመሩት ውስጥ ዛሬ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቤርስና ካርዲናልስ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የሄይን ስብሰባ ለውዝፍ መሸፈኛ አታድርጉብን። በተለይ ዛሬ ያልተገኛችሁ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «መጽሔቱ የት ደረሰ?» የምትሉ፦ የደረሰው እናንተ ጋ ነው። የተቸገረ ካለ ለኮሚቴው በግል ይንገር፤ ስሙ አይነሳም፣ ከአባልነትም አይወጣም። እየቻለ ዝም ያለውን ግን ከዚህ በኋላ ደንባችን እንደሚለው የድምፅ መብቱን እናግዳለን፤ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት አቀርባለሁ።

ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዛ በሩ አጠገብ ናት። አሁን የሂሳብ ሪፖርቱን ታቀርባለች።