ከእናቴ ሙዳይ የወጣ ኪኒን

ይበልጣል፦ ጤና ይስጥልን፣ ከደብረ ማርቆስ ነን። አስኑ፣ ትናንት ጉሮሮዬን ቢያመኝ እናቴ ከሙዳይዋ አውጥታ አንድ ፍሬ አዋጠችኝ። ማሸጊያው ይኸው።

አስናቀች፦ (ሳቅ) ሲፕሮ ነው እኮ! ለምን ታዞላት ነበር?

ይበልጣል፦ ለሽንት ቧንቧ። ያው አንቲባዮቲክ አይደል?

አስናቀች፦ ስሙ ነው የሚያሳስተን፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ጎጆ ሲሠራ አይተሃል፤ ማገሩ በልጥ ካልታሰረ ግድግዳው አይቆምም። ባክቴሪያም ግድግዳ አለው። እነ ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶን የአሳሪውን እጅ ይይዙታል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ከውስጥ ያለው ግፊት ያፈነዳዋል። የእኛ ሴል ግድግዳ ስለሌለው አይነኩትም።

ይበልጣል፦ ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ ቢመጣስ?

አስናቀች፦ አለ! ማይኮፕላዝማ የሚባል፣ የሳንባ ምች የሚያመጣ። አሞክሳሲሊን ብትውጥበት ጉዳዩም አይደል። እዚያ ላይ አዚትሮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ነው፤ እነሱ ግድግዳውን ትተው የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ ያስቆማሉ።

ይበልጣል፦ አዚትሮማይሲን፣ ያ ለዓይን ማዝ የሚታደለው?

አስናቀች፦ እሱ ነው። ገጠር ውስጥ ልጆቹን በእንጨት ቁመታቸውን እየለኩ የሚሰጡት። ሴል ውስጥ ገብቶ ስለሚቆይ አንድ ጊዜ መዋጡ ይበቃል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው።

ይበልጣል፦ የእኔ ሲፕሮስ?

አስናቀች፦ እሱ ባክቴሪያው ሲባዛ ዲኤንኤውን የሚያፍታታበትን ኤንዛይም ይይዛል። ለጉሮሮ ግን አይታዘዝም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው፣ አንዱም አንቲባዮቲክ አይሠራበትም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው፤ የሚዋጠውም ለ10 ቀን። በተለይ ልጆች ላይ ቸል ከተባለ ኋላ ልብ ድረስ ይሄዳል።

ይበልጣል፦ በወተት ነው የዋጥኩት።

አስናቀች፦ ሲፕሮን በወተት?! ካልሲየሙ ይይዘዋል፣ ወደ ደምህ በደንብ አይገባም። ዶክሲም እንዲሁ ነው። በውኃ!

ይበልጣል፦ እናቴ «ሆድ እንዳይቆርጥህ» ብላ እኮ ነው።

አስናቀች፦ ቸር እናት ናት። ሙዳዩ ውስጥ ስንት ቀረ?

ይበልጣል፦ አራት።

አስናቀች፦ እሷም ታዲያ አልጨረሰችውም ማለት ነው። ነገ ፋርማሲ ይዘሃቸው ና፤ እሷም ትምጣ።