ቦቢ ሞቶ እንዴት ተመለሰ? ከተከታታይ ድራማ መውጫው መንገድ

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ምሽት። ጋቢ የደረቡ ሰዎች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።]

ተራኪ፦ ደብረ ብርሃን ከመሸ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ድራማ ይከፈታል። ድንገት የለመድናት እናት ቀርታ ሌላ ሴት በእሷ ስም ትመጣለች። «ኧረ ይቺ ደሞ ማናት?» ይላሉ እማማ ከጥግ።

የአሜሪካውን «ዳላስ» ያዩ የነበሩ ሰዎችም ይሄ ገጥሟቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የቤተሰቡን እናት ሚስ ኤሊን የምትጫወተው ባርባራ ቤል ጌዴስ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበርና በ1984 ወጣች። በቦታዋ ሌላ ተዋናይት፣ ዶና ሪድ ገባች። ልጆቹ ምንም እንዳልተፈጠረ «እማዬ» ማለታቸውን ቀጠሉ። በዓመቱ ቤል ጌዴስ ስትመለስ ሪድን አሰናበቷት። እሷም ከሰሰች፤ ነገሩ በካሳ አለቀ።

ሌላው የአሜሪካ ድራማ «ዳይነስቲ» ግን ሰበብ አላጣም። ስቲቨንን የሚጫወተው አል ኮርሊ ሲለቅ፣ ስቲቨን በነዳጅ ማውጫ ፍንዳታ ፊቱ ተጎዳ ተባለ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና አዲሱን ተዋናይ ጃክ ኮልማንን ሆኖ ተነሳ። ዓይን ያወጣ ነው፤ ግን ያስኬዳል።

[ምስል፦ ባዶ የአባወራ ወንበር]

ተዋናዩ ራሱ ሲሞትስ? የ«ዳላሱን» አባት ጆክን የሚጫወተው ጂም ዴቪስ በ1981 አረፈ። ጸሐፊዎቹ ቸኩለው አልቀበሩትም። መጀመሪያ «ደቡብ አሜሪካ ለሥራ ሄዷል» አሉ። ቆይተው ሄሊኮፕተሩ ተከሰከሰ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ቤተሰቡ እርሙን አወጣ። ታዲያ በ1986 አንድ ሰውዬ «ጆክ እኔ ነኝ» ብሎ ከች አለ! አስከሬን ያልታየበት ሞት ለጸሐፊ እንዲህ ይመቻል።

የጆክ ልጅ የቦቢ ግን ታይቷል። ቦቢን የሚጫወተው ፓትሪክ ደፊ ድራማውን መልቀቅ ስለፈለገ፣ በ1985 ቦቢ በመኪና ተገጭቶ ሆስፒታል ውስጥ ቤተሰቡ ከቦት ሞተ። መንዝ ውስጥ ተዝካሩ የተበላለት ሰው በሙት ዓመቱ በር ቢያንኳኳ ምን ይባላል? «ዳላስ» ያደረገው እሱን ነው። ያለ ቦቢ ድራማው ሲቀዘቅዝ የቦቢን ወንድም ጄ. አር.ን የሚጫወተው ላሪ ሃግማን ደፊን ለምኖ መለሰው። በ1986 የቦቢ ሚስት የነበረችው ፓም ሌላ ባል ባገባች ማግስት ስትነቃ፣ ቦቢ ሻወር ቤት ቆሞ ይታጠባል። ለካስ ዓመቱን ሙሉ ያየነው የፓም ሕልም ነው! 31 ክፍል እንዳለ ተሰረዘ። እኔ እንደ ሪድ ያለ ዝም ብሎ መተካት ይሻለኛል። ፊት ይለመዳል፤ ዓመት ሙሉ የተከታተሉትን «አልነበረም» መባል ግን ያበሽቃል።

ጣጣው ጎረቤትም ደርሷል። ከ«ዳላስ» የወጣው «ኖትስ ላንዲንግ» ድራማ የቦቢን ሞት ቀድሞ ተቀብሏል፤ ወንድሙ ጋሪም እዚያ አዝኖለታል። የዚያኛው አዘጋጆች ሕልሙን አልተቀበሉም። አንዱ ድራማ ላይ ቦቢ ይበላል ይጠጣል፤ ሌላው ላይ እንደሞተ ቀረ።