ስለ ማርያ ትሬዛ ብር እውነተኛነትና የኅትመት ጉድለት

የተከበራችሁ የጥንታዊ ገንዘብ ሰብሳቢዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

አዘውትሮ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ይህች ጠገራ እውነተኛ የ1780 ናት ወይ?» የሚል ነው። አንድ ጥያቄ ቢመስልም በውስጡ ሁለት አለበት። ምስላቸው በጠገራው ብር ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ዘመናችን ድረስ ሲታተም ኖሯል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ አተመች፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ኋላም ቦምቤይ የየራሳቸውን አተሙ። እነዚህ የብር ይዘታቸውም ሚዛናቸውም የተስተካከለ ስለሆነ ሐሰተኛ ልንላቸው አይገባም። መቼና የት ታተመ የሚለው የዋጋ ጉዳይ ሲሆን፣ በማተሚያ ቤት ታተመ ወይስ በጓዳ ቀለጠ የሚለው ግን የእውነተኛነት ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ሚዛኑ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። እጅ ያለሰለሰው ጠገራ ከዚህ ጥቂት ቢጎድል አያስደንቅም። የሚያጠራጥረኝስ መልኩ ክፉኛ አርጅቶ ሚዛኑ ቅንጣት ያልጎደለው ነው። በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ ብትመዝኑት ሚዛኑ በ2.75 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ያንኑ የሚመዝን የነሐስ ቅጂ ግን ከ3 ግራም በላይ ይቀንሳል። ብር በማግኔት እንደማይሳብ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን እርሳስም መዳብም አይሳቡምና በዚህ ብቻ አትርኩ።

የአገራችን ገበሬና ነጋዴ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ በዕንቁ እየቆጠረ፣ የደበዘዘውን ይመልስ ነበር። ብልህነት ነው፤ እኔ ግን ከፊቱ ይልቅ ጠርዙን አስቀድማለሁ። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከነሐረጉ ጎልቶ ወጥቷል። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ፊቱ ቢያምርም፣ ጠርዙ ላይ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ወይም መስመሩን ያጠፋው የሞረድ ምልክት ይታያል፤ ፊደሎቹም እንደ ቀለጠ ሰም ይለሰልሳሉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ጉድጓድ አይጠፋም።

የኅትመት ጉድለትን ከኋላ ጉዳት ለመለየት ግን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ መስመሩ ጎልቷል ወይስ ሰርጉዷል? ማኅተሙ ሲሰነጠቅ የሚጫነው ብር ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በጠገራው ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ይተዋል፤ ይህ ከማተሚያ ቤት የመጣ ነው። በቢላዋ ወይም በድንጋይ የተጫረ ግን ይሰረጉዳል፣ ዳር ዳሩም ይፈነገላል። ጥንት ግን ሳይታተም ሚዛኑ የበዛውን ጠፍጣፋ ብር በሞረድ ይቀንሱት ስለነበር፣ ኅትመቱ ጨርሶ ያልደመሰሰው የሞረድ ጭረት በአንዳንዱ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ብር ላይ ይገኛል። ሰርጉዶም የማተሚያ ቤቱ ነውና ለመርማሪ አስቸጋሪው ይህ ነው። እኔ የምለየው ጭረቱ በምስሉ ከፍታ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሆን በማየት ነው፤ ከኅትመት በኋላ የተጫረ ከሆነ ከፍታውን ቆርጦት ያልፋል።

በአገራችን ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት የአንገት ጌጥ ለማድረግ የተበየደ ቀለበት ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «አንድም ጉድለት የላትም» ተብዬ በደህና ዋጋ የገዛኋት ጠገራ፣ ቤት ገብቼ በብርሃን ሳገላብጣት ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለው ጠርዝ ጽሑፉ ጠፍቶ፣ የብየዳው ቦታ ቀለሙ ነጣ ብሎ አገኘሁት። ፊቷን ብቻ አይቼ ነበር የገዛሁት።

አሁን በየጠረጴዛችሁ ሦስት ጠገራ ይዞርላችኋል። ከሦስቱ አንዷ ቀልጣ የተሠራች ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች እናንተው ንገሩኝ፤ ስትጀምሩ ከጠርዟ ጀምሩ።