የሚጥል ሕመምና የመድኃኒት ምርጫ፦ የአድማጮች ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ (ከደሴ የደወሉ እናት)፦ የ8 ዓመት ልጄ ክፍል ውስጥ እያለች በድንገት ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ትላለች፤ ዐይኗን ታርገበግብና ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዋን ትቀጥላለች። የሚጥል ሕመም ነው ተብሎ ካርባማዜፒን ከጀመረች ወዲህ ግን መፍዘዙ በዛባት። መጠኑ አንሷት ይሆን?

መልስ፦ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት የሕመሙ ዓይነት እንደገና ቢታይ ይሻላል። ካርባማዜፒን ከአንድ የአንጎል ክፍል ለሚነሳው ዓይነት፣ ለምሳሌ አንድ እጅን ብቻ በማንቀጥቀጥ ለሚጀምረው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። እርስዎ የገለጹት አጭር መፍዘዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች በአንድ ጊዜ የሚነሳ ነው፤ ይህን ደግሞ ካርባማዜፒንም ሆነ ፊኒቶይን ሊያባብሱት ይችላሉ፣ ፊኖባርቢታልም አይረዳውም። ተመራጩ ኤቶሱክሲማይድ ነው፤ እርሱ ካልተገኘ ሐኪሙ ቫልፕሮኤትን ወይም ላሞትሪጂንን ሊያስብ ይችላል።

ሆኖም መፍዘዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ከንፈርን በማላመጥ ወይም ልብስን በመነካካት የሚታጀብ፣ ካለፈም በኋላ ግራ የሚያጋባ ከሆነ ከአንድ የአንጎል ክፍል የተነሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ካርባማዜፒን ትክክለኛ ምርጫ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስትፈዝ በስልክዎ ይቅረጹና ቪዲዮውን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይረዳዋል። ሐኪሙም ለ3 ደቂቃ ያህል በኃይል እንድትተነፍስ በማድረግ መፍዘዙ እርሱ ባለበት ሲከሰት ለማየት ይችላል፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ባለበት ሆስፒታል ደግሞ ይረጋገጣል። እስከዚያ ድረስ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ቀጠሮውን ግን ያፋጥኑ።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ የ24 ዓመት ወጣት)፦ ቫልፕሮኤት ከጀመርኩ ወዲህ ጥሎኝ አያውቅም። በቅርቡ አገባለሁ፤ ልቀጥል?

መልስ፦ ይህን ከእርግዝና በፊት በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮኤት ከሚወስዱ 100 እናቶች ውስጥ የ10 ያህሉ ልጆች ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ በአእምሮ እድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዚህም የበዙ ሕፃናትን ያገኛል። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም በጣም የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን ላሞትሪጂን ከባድ የቆዳ ሽፍታ እንዳያስከትል መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚጨመር፣ ለውጡ ከሠርጉ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። እስከዚያ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ተጠቀሚ፤ ፎሊክ አሲድ ስለመጀመርም ሐኪምሽን ጠይቂ። ቫልፕሮኤትን በድንገት መተው ግን ሳያቋርጥ የሚደጋገም፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ መቀየሩ በሐኪም ክትትል ብቻ መሆን አለበት።