አባትህ በምን ሞተ?

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ለቤት ብድር የሕይወት መድን አምጣ ተብዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ ክሊኒክ ለምርመራ ተልኬ ነበር። ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ በመርፌው ነው፤ መርፌው ግን ምንም አይደለም። ቁመትና ክብደት ይለካል፣ የደም ግፊት ይታያል፣ ደምና ሽንት ይሰጣል። ዕድሜው ለገፋ ወይም የመድኑ ገንዘብ ከፍ ላለ ሰው የልብ ምርመራም ሊታዘዝለት ይችላል። ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ አምስት ደቂቃም አረፍ በሉ። የደሴን አቀበት ወጥቶ እያለከለከ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው ቁጥሩ ቢያሻቅብበት አይግረመው።

እኔን ያስቸገረኝ መጠይቁ ነው። አባትዎ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ምክንያት አረፉ? ይላል። የማውቀው «ድንገት ታሞ ሞተ» የሚለውን ብቻ ነበር።

እኛ ወሎዎች ሌላው አገር እድር የሚለውን ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ሟችን ይቀብራል፣ ለቀስተኛን ያስተናግዳል፤ በምን ሞተ ብሎ ግን ቅጽ አያስሞላም። ሁሉም እኩል ያዋጣልና ማወቅ አያስፈልገውም። የመድን ድርጅት ግን ዓረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሚተምነው በየሰዉ ስጋት ልክ ስለሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። እኔን የሚከነክነኝ የእኛ ልማድ ነው፤ ምች ነው፣ ዓይን ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው እንላለን፣ በሽታው ስም ሳያገኝ ይቀበራል።

እናቴን ጠየቅኋት። «የሞተን ሰው ልታስመረምር ነው?» አለችኝ። ቆይታ ግን ነገረችኝ፤ ሌሊት ሌሊት ውሃ አይጠግብም ነበር፣ የእግሩ ቁስልም አልድን ብሎት ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ስኳር ሊሆን ይችላል አለ፤ ከዚህ በላይ ማለት አይቻልም፣ በሕይወት ሳለ ማንም አልለካውም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዝም ብለህ እለፈው ብሎኝ ነበር። ያወቅሁትን እንዳለ ጻፍሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር የመድን ውልን ፈራሽ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ክርክሩ ደግሞ የሚነሣው እኔ አፈር ከለበስሁ በኋላ ነው፤ መልስ የሚያጡት ልጆቼ ናቸው።

ውጤቱ የሚላከው ለድርጅቱ ስለሆነ ቅጂ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የእኔ የጾም ስኳር፣ ማለትም ምግብ ሳይቀመስ በደም ውስጥ የሚለካው፣ ከ100 በላይ፣ ከ126 በታች ነው፤ ጤነኛም አያሰኝ፣ ሕመምተኛም አያሰኝ። ድርጅቱ ዓረቦኔን ምን ያህል እንደሚያደርገው ገና አልነገረኝም። እኔ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ደውዬ፣ ከእራት በኋላ ምንም ሳትቀምስ ጠዋት ሄደህ ተመርመር አልሁት።

«መድን መሸጥ ጀመርህ እንዴ?» አለኝ።